የማኅበራችን ብራና በመስታወት ሣጥን

የገና ማግስት ሙሉመቤት የተዋሰችኝን ሰፌድ ልትመልስ መጥታ፣ ደጃፌ ላይ እንደቆመች፣ የልጅ ልጄን ሠርግ የሚያፈርስ ነገር ጣል አድርጋብኝ ሄደች።

ሠርጉ ለጥር ሃያ ስምንት፣ ለእሑድ ተቆርጧል። ከዚያ ወዲያ ጾሙ ይገባል፤ እስከ ፋሲካ ማንም አይዳርም። እኔ ደግሞ እስከ ፋሲካ የምጠብቅበት አንጀት የለኝም። አጸደ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። አባቷ ማይጨው ቀርቷል፤ እናቷ በዓመቱ ታማ ሞተች። ለእሷ ያለኋት እኔ ነኝ፣ ለእኔም ያለችኝ እሷ ናት። ከቂርቆስ ቁልቁል ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ፣ የመንገድ ሥራ አለቃ የሆነ አንድ ጣሊያን፣ ካፖው የሚሉት፣ እየጠበቀ “ቤቴን የምትጠብቅልኝ ልጅ እፈልጋለሁ” ማለት ከጀመረ ሁለት ወር ሆኖታል። ቤት መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከጎረቤት ሁለት ልጆች እንዲሁ ሊጠብቁ ሄደው አንዷ ልጅ ታቅፋ ተመለሰች፤ ሁለተኛዋ ወዴት እንደተወሰደች እናቷ እንኳ አታውቅም። ባል ያላት ስትሆን ቢያንስ “ሚስቴን” ብሎ የሚቆም ሰው አለ። እኔ አጥር ነው የምሠራው፤ ሠርግ አይደለም።

ሙሉመቤት ግን “አስመላሽ ጥሩ ልጅ ነው፣ እኔ ክፉ አልወጣኝም” ብላ ጀመረች። እንዲህ ብላ ስትጀምር ክፉ ነገር እንደሚከተል አውቃለሁ። “ብቻ ደምስና ኃይለ ጊዮርጊስ አንድ ሰው ናቸው ሲባል ነው የሰማሁት።”

“ማን ሲል?”

“እናቴ።”

“እናትሽ ከሞተች ስንት ዓመቷ ነው?”

“ሞተች እንጂ አልዋሸችም” አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአስመላሽም የአጸደም ዘር ቡልጋ ነው፤ ወደ ላይ ሲቆጠር ሁለቱም ዋሴ ከሚባል አንድ ሰው ይወርዳሉ። ሰባት ቤት ካልተራራቁ አይጋቡም። በልጁ በኩል ሰባት መሆኑን ማንም አይከራከርም። በእኛ በኩል የቆጠሩት የማኅበራችን አዛውንት አለቃ ቀለመወርቅ ናቸው። ሽማግሌ በተላከ ዕለት ጣታቸውን እያጠፉ፣ ዋሴ ደምስን ወለደ፣ ደምስ ኃይለ ጊዮርጊስን ወለደ እያሉ ወርደው አጸደ ላይ ሲደርሱ ሰባት አሉ፤ እልል ተባለ። አሁን ሙሉመቤት የምትለው፣ ደምስ የዓለም ስሙ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ የክርስትና ስሙ፣ ሰውዬው አንድ ነው። አንድ ከሆነ ደግሞ ስድስት ቤት ነው። ስድስት ቤት ከሆነ እህቱን ነው የማጋባው።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ሲነጋ አለቃ ዘንድ ሄድኩ። ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው።

“እኔ ቆጥሬ ስሳሳት አይተሽ ታውቂያለሽ?”

“ኧረ አላየሁም አለቃ። ብቻ ከብራናው ላይ ብናየው ብዬ ነው።”

“አላመንሽኝም ማለት ነው።”

“አምኛለሁ። ቢሆንም እንየው።”

ይህ ብራና የሚካኤል ማኅበራችን ነው። ወር በገባ በአሥራ ሁለት ጽዋው ከሚጠጣበት ቤት ይውላል፤ ጽዋው ወደ ቀጣዩ ቤት ሲዞር እሱም አብሮ ይዞር ነበር። ፊት ፊቱ ጸሎትና ሥዕል ነው። ከኋላ ባሉት ባዶ ቅጠሎች ላይ ግን የእኛው ጉዳይ ነው የተጻፈው፤ ማን መቼ ተወለደ፣ ማን ማንን ክርስትና አነሣ፣ ማን ከማን ይወርዳል። ጸሐፊው ሟቹ ባለቤቴ ታደገ ነበር፤ የራሱንም ዘር እዚያው ቆጥሮ ጽፎታል። አንድ ነገር የጠፋበት ሰው ባለተራው ቤት ሄዶ “እስቲ ግለጡልኝ” ይላል፣ ይገለጥለታል። ሰም ይንጠባጠብበታል፣ ሕፃን ይጮኽበታል፣ አንዱ ሲያነብ ሌላው “የለም እንዲያ አይደለም” እያለ ያርመዋል። ቆሽሾ ነበር፤ ግን ይነበብ ነበር።

በየካቲቱ ጊዜ ቤት ሲቃጠል ብራናው አለቃ ዘንድ ነበር፤ ጓሮ ቀብረው አተረፉት። ከዚያ ወዲህ መሰብሰብ ተከለከለ፤ ጽዋው ቆመ፣ ብራናውም መዞሩን ተወ። ባለፈው ዓመት ጣሊያኖቹ፣ አሁን ሰው ካዛንቺስ ማለት በጀመረው ሰፈር፣ ለሹሞቻቸው ከሠሯቸው የድንጋይ ቤቶች አጠገብ የአሮጌ ዕቃ ማሳያ አዳራሽ ከፈቱ። ሙዜዮ ይሉታል። ብራና ያለው ያምጣ ተባለ፤ አለቃም ይዘው ሄደው ማኅተም ያለበት ወረቀት ተቀብለው መጡ።

“ሰጠሁ አይደለም፣ አስቀመጥኩ ነው” አሉኝ። “የሣር ክዳን ይሻልሻል ወይስ የድንጋይ ቤት? እዚያ እሳት አይደርስበት፣ አይጥ አይበላው። ስሜም ከሥሩ ተጽፏል።”

እውነት ነው፣ የሚቃጠለውን አይቻለሁ። ግን ሊጠየቅ የማይቻል ብራና ተረፈ ወይስ ጠፋ? ይህን ለእሳቸው አላልኩም፤ መንገድ ላይ ለራሴ ነው ያልኩት።

የአገሬው ሰው የሚገባው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው ተባልኩ። ሐሙስ፣ ጥር አራት፣ ከቂርቆስ ካዛንቺስ ድረስ በእግሬ ወጣሁ። በሩ ላይ ነጋሳ የሚባል የቄራ ሰው ካኪ ለብሶ ባዶ እግሩን ቆሟል።

“ዱላውን እዚህ ይተዉት እሜቴ።”

“ያለ ዱላ እንዴት እሄዳለሁ?”

“ዱላ ያለው ዕቃ ይሰብራል ይላሉ።”

ዱላዬን አስቀምጬ ግድግዳ እየያዝኩ ገባሁ። ወዲያው “ግድግዳ አይነካም” አለኝ።

አዳራሹ ሰፊ ነው፤ መስኮቱ እስከ ጣራው ይደርሳል፤ ወለሉ ያንሸራትታል። ዕቃው ሁሉ ብቻ ብቻውን ቆሟል። ወፍጮ አየሁ፤ የእኔ ይበልጣል። ሞፈርና ቀንበር በሚስማር ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አራሽ የሌለው። ሁሉም ነገር አጠገብ ወረቀት አለ፣ ወረቀቱ ሁሉ በእነሱ ፊደል ነው። አንድ ሽማግሌ ወፍጮውን ቆሞ እያየ “ምን ነው የሚለው?” ብሎ ነጋሳን ጠየቀው። ነጋሳ “ወፍጮ ነው ይላል” አለው። ሽማግሌው “እሱንማ አይቼዋለሁ” ብሎ አለፈ።

ከጎን ሌላ ክፍል አለ፤ በሩ ገርበብ ብሏል። አጮልቄ ባየው ከወለል እስከ ጣራ መጽሐፍ ነው፤ በመሐል ረጅም ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን ወንበር። አንድ ሰው የለበትም።

“እዚያ አይገባም” አለ ነጋሳ። “ለእነሱ ብቻ ነው።”

“ማንም የለም እኮ።”

“ቢኖርም ባይኖርም።”

ብራናችን መሐል ላይ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አለ። ጠርገውታል፤ ሰሙን ሁሉ አስለቅቀውለታል። የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። ስንት ዘመን ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩትን መጽሐፍ እንደ እንግዳ ቆሜ ሳየው ምን እንደተሰማኝ አልጽፍም፤ ወደ ጉዳዬ ልሂድ።

“እባክህ ልጄ፣ ከኋላ ያለውን ቅጠል ግለጥልኝ።”

“አይገለጥም።”

“አንድ ቅጠል ብቻ። አይቼ እመልሰዋለሁ።”

“እሜቴ፣ የሚገለጠው በወር አንዴ ነው፤ የሚገልጠውም ሹሙ ራሱ ነው። ከሥዕል ወደ ሥዕል።”

“ጽሑፉስ?”

“ጽሑፍ ማን ያያል?”

እኔ ላየው ነው የመጣሁት ብዬ ድምፄን ከፍ ሳደርግ “እዚህ አይጮኽም” አለኝ። ማኅበር ላይ ያላስጮኸ ብራና አላውቅም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጥምቀት ዋለና ተዘጋ። አንድ ሳምንት በከንቱ። በሦስተኛው፣ ጥር አሥራ ስምንት፣ ማመልከቻ ጽፌ ይዤ ሄድኩ። አባቴ ከወንድሞቼ ጋር ዳዊት እስክደግም አስተምሮኛል፤ ለማመልከቻ አላንስም። ሹሙ በዕለቱ ነበር፤ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው ነው። አልተቆጣኝም፤ እንዲያውም ብድግ አለ። ብዙ ተናገረ፤ ነጋሳ ቆሞ ሰማና “ይጠብቁ ይላል” አለኝ።

“ያን ሁሉ ተናግሮ ይጠብቁ ብቻ?”

“ሌላው ስለ ብራናው ነው። ብርሃን ይጎዳዋል፣ እጅ ይጎዳዋል፣ ትንፋሽ ይጎዳዋል ይላል።”

“ሰው ሁሉ ይጎዳዋል በለኛ።”

ነጋሳ አልተረጎመውም። ሹሙ ማመልከቻዬን እያገላበጠ አየ፤ ፊደሉን በጣቱ ተከተለና ነጋሳን ጠየቀው።

“ራስዎ ነዎት የጻፉት? ይላል።”

“ማን ሊጽፍልኝ?”

ሹሙ ፈገግ አለና ወረቀቴን በጥንቃቄ አንድ ማኅደር ውስጥ ከተተው። መልሱ መቼ ነው ብል ከበላይ መሥሪያ ቤት መልስ እስኪመጣ ሦስት ወር ነው ተባልኩ። ሦስት ወር ማለት ከፋሲካ ወዲያ። እየወጣሁ ሳለሁ ነጋሳ ሊያጽናናኝ ብሎ “ጽሕፈትዎን ወዶታል እሜቴ፣ እሱንም መስታወት ውስጥ ሊያስገባው ይችላል” አለኝ።

ቤት ስደርስ አስመላሽና አጸደ ደጃፍ ተቀምጠው ይሣሣቃሉ። አስመላሽ ለጣሊያኖቹ ቤቶች የመስኮት መስታወት ገጣሚ ነው፤ ረጅም፣ ዝግ ያለ ልጅ፤ ጥፍሩ ሁልጊዜ በስቱኮ የነጣ። ሁሉንም ነገርኳቸው። የነገርኳቸው መስሎኝ ነው፤ አጸደ ጮኽኩ ትላለች።

“እማማ፣ ደምስ አንድ ይሁን ሁለት፣ እኔ እኮ እሱን አላገባም” አለችኝ።

“ዝም በይ። የሚወለደው ልጅ እውር ቢሆን ለደምስ ትሰጪዋለሽ?”

አስመላሽ አልሳቀም። መሬት መሬት እያየ “ያን ሣጥን የገጠምኩት እኔ ነኝ” አለ። “አራት ብሎን ነው። በካቻቢቴ ይፈታል።”

“ታስረህ ልትሞት ነው?”

“ጣሊያን ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ይተኛል። ነጋሳን አውቀዋለሁ፤ ስቱኮው ተሰንጥቋል ልጠግን እለዋለሁ።”

“ስድስት ቢሆንስ? ያንተ ሠርግ ነው የሚፈርሰው። አስበህበታል?”

“አስቤዋለሁ። ሙሉመቤት አንዴ ብላለች፤ ነገ ሌላው ይላል። ሳላውቅ ባገባት፣ ልጅ በታመመ ቁጥር ደምስን ላስብ ነው?”

አይሆንም አልኩት። ሁለት ቀን ሙሉ አይሆንም አልኩ። ቅዳሜ ግን ካፖው ራሱ ቤታችን ድረስ መጣ። አንድ ቆርቆሮ ብስኩት ደጃፍ ላይ አስቀመጠና የአጸደን አገጭ በሁለት ጣቱ ይዞ ቀና አደረጋት፤ እንደ ገበያ በግ። “ሰኞ ሳምንት” አለ፣ በአማርኛ። ሠርጉ ከዚያ በፊት፣ እሑድ ነው። ብስኩቱን ለውሻ ጣልኩት፤ ውሻውም በላው። አስመላሽን አስጠርቼ “ካቻቢቴህን ያዝ” አልኩት።

የነነዌ ጾም ሰኞ ነበር፤ ቀትር። ጾመኛ ስለሆንኩ ራሴ ይዞራል። ነጋሳ በሩን ከፍቶልን ደጅ ቆመ፤ ለጥገና ነው ሲባል አመነ፣ እኔንም “የሚጠይቅ ከመጣ መስታወት ወልዋይ ነዎት” ብሎ አስገባኝ። ዱላዬን ግን ዛሬም አስቀረብኝ።

አስመላሽ አራቱን ብሎን ፈታ፤ ክዳኑን እንደ ሕፃን አንሥቶ ግድግዳ አስደገፈው። “ይግለጡ እማማ፣ እኔ በመስኮት እጠብቃለሁ” አለና ፊቱን አዙሮ ቆመ። ሆን ብሎ ነው ያዞረው፣ ቅጠሉን በዓይኑ ማየት ፈርቶ፤ በኋላ ነው የገባኝ።

እጄን በነጠላዬ ጠረግሁና ገለጥኩ። ሥዕሉ አለፈ፣ ጸሎቱ አለፈ፣ የታደገ እጅ መጣ። መስመሩ ሁሌ ወደ ላይ ነው የሚያዘነብለው፤ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀንበታል። የአጸደን አባት ልደት የጻፈበትን አለፍኩ። ከዚያ የዘር ቆጠራውን አገኘሁት። “ዋሴ ደምስን ወለደ። ደምስ በክርስትና ስሙ ኃይለ ጊዮርጊስ የተባለው ይርዳውን ወለደ። ይርዳው ዘርፉን ወለደ።” ዘርፉ የታደገ አባት ነው። በጣቴ ቆጠርኩ። ደምስ፣ ይርዳው፣ ዘርፉ፣ ታደገ፣ ልጄ ሽብሩ፣ አጸደ። ድጋሚ ቆጠርኩ። ከታች ወደ ላይ ቆጠርኩ። ስድስት ነው።

ሦስት ሳምንት ግለጡልኝ እያልኩ የለመንኩት ቅጠል ይኸው። ታደገ እንኳ አንዲት ሐረግ ቢያስቀር ምን ነበረበት? ይህ ሰው በሕይወቱ ምንም ነገር አሳጥሮ ጽፎ አያውቅም።

“ምን ይላል እማማ?” አለ አስመላሽ፣ ፊቱን ሳያዞር።

የአጸደ አገጭ በሁለት ጣት ተይዞ ታየኝ። ሌላ ያሰብኩት ነገር የለም፤ አስቤበት ነው የማለት መብት የለኝም።

“ሰባት ነው” አልኩ።

“ደምስና ኃይለ ጊዮርጊስ?”

“አባትና ልጅ ናቸው። ሙሉመቤት አፏን ትጠብ።”

ልጁ መስኮቱን ተደግፎ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።  እኔ ጾሜን በምን እንደገደፍኩት አስብ ነበር።

ልዘጋው እጄን ስዘረጋ ነጋሳ ደጅ ሆኖ ሰላምታ ሲሰጥ፣ የጫማ ኮቴም ሲቀርብ ሰማን። አስመላሽ ዘሎ ክዳኑን መለሰው፤ ሁለት ብሎን ሲያስር ሹሙ ገባ። እንቅልፍ እምቢ ብሎት ይሁን እንጃ። አስመላሽ ስቱኮ አለ፣ ካቻቢቴውን አሳየ። ሹሙ ግን እሱን አላየውም፤ እኔን አየና ብራናውን አየ። ብራናው የታደገ ጽሕፈት ላይ ተከፍቶ ቀርቷል።

 ይኸው ታሰርን አልኩ። ሹሙ ግን መስታወቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ፤ ቀና ሲል ፊቱ በርቷል። ረጅም ነገር ተናገረ።

“ይቅርታ ይላል” አለ ነጋሳ።

“ምን?”

“እስከ ዛሬ ሥዕል ሳሳይ ተሳስቻለሁ ይላል። ማመልከቻዎን ካስነበበ ጀምሮ እያሰበበት ነበር። የአገሩ ሰው የሚመጣው ለጽሑፉ ከሆነ ጽሑፉ ይታይ ይላል። እዚሁ ቅጠል ላይ እንደተከፈተ ይቆይ፤ የሚያነብ ሁሉ ያንብብ።”

“የለም የለም” አልኩ። “ሥዕሉ ይሻላል። ሥዕሉ ያምራል በለው።”

ነጋሳ በትዝብት አየኝ። “እሜቴ፣ ሦስት ሳምንት ጽሑፉን ጽሑፉን ሲሉ የነበሩት እርስዎ አይደሉም?”

“አሁን አየሁት፣ በቃኝ።”

“እርስዎ ስላዩት ሌላው አይይ ነው?”

 ሹሙ እጄን ጨበጠኝ። በዘመኔ ጣሊያን እጄን ጨብጦኝ አያውቅም፤ እንዲህ ባለ ቀን መሆኑ።

አጸደ ስትሰማ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። “ይኸው እማማ፣ ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ ደከሙ” አለችኝ። በከንቱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ነጋሳ ደግሞ ሰው የሚጠቅም መስሎት ከቄራ እስከ ቂርቆስ ላገኘው ሁሉ “የማኅበራችሁ ጽሑፍ ተከፈተላችሁ፣ ሐሙስ መጥታችሁ አንብቡ” ሲል ሰነበተ። ረቡዕ ሙሉመቤት በአጥር አሻግራ ጠራችኝ።

“ሸዋዬ፣ ነገ አለቃን ይዤ ልሄድ ነው። ላንቺም ዕረፍት ይሆንሻል።”

“አይቼዋለሁ እኮ፣ ሰባት ነው።”

“አንቺ አያቷ ነሽ” አለች። 

ሐሙስ፣ ጥር ሃያ አምስት፣ ለሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በሩ ሳይከፈት ደረስኩ። ቅጠሉን ወደ ሥዕሉ እንዲመልሰው ነጋሳን ለመንኩት፤ ያለ ሹሙ ፈቃድ ሣጥኑ አይነካም አለኝ። ብሎኖቹን እንዳልነካ ካቻቢቴ የለኝ፣ ቢኖረኝም ሰው ሞልቷል። ከሣጥኑ ፊት ለፊት ነጠላዬን ሰፋ አድርጌ ቆምኩ።

“ይለፉ እሜቴ፣ ሌላው ይይ” አለ ነጋሳ።

“እያነበብኩ ነው።”

“ግማሽ ሰዓት ሙሉ?”

“ዓይኔ ደካማ ነው።”

አለቃ ቀለመወርቅ ነጭ ካባ ለብሰው ገቡ፤ ለክብራቸው የመጣ ሰው ይመስላሉ። ሙሉመቤት ከኋላቸው ናት፤ ከእሷ ኋላ የማኅበሩ ሰው አምስት ስድስት። መሰብሰብ ከተከለከለ ወዲህ አንድ ላይ ስንቆም ይህ የመጀመሪያችን ነው፤ ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር። አለቃ አስቀድመው በጣሊያን ፊደል የተጻፈውን ወረቀት በኩራት አሳዩ፤ “ይህ ስሜ ነው” አሉ። ከዚያ እኔን በክንዳቸው ገለል አደረጉኝ።

“እንግዲህ ያንብቡልን” አለች ሙሉመቤት። “ደምስ ጋ ያለውን።”

አለቃ ጎንበስ አሉ። አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ደረሰ። ወዲህ ዞሩ፣ ወዲያ ዞሩ።  ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ዋሴ ደምስን ወለደ” አሉ፣ በማኅበር ድምፃቸው። “ደምስ ኃይለ ጊዮርጊስን ወለደ። ኃይለ ጊዮርጊስ ይርዳውን ወለደ።”

ጣታቸውን አየሁ። ጣታቸው የሚሄደው በግራ በኩል ነው። የታደገ ቆጠራ ያለው በቀኝ ነው፤ በግራ ያለው ምንም ያልተጻፈበት ቅጠል ነው። የአለቃ ዓይን አያይም። ሽማግሌ በተላከ ዕለት ያሉትን ነው ቃል በቃል የሚደግሙት፤ ባዶ ቅጠል ላይ ጣታቸውን ከመስመር ወደ መስመር እያወረዱ። አጸደ ላይ ሲደርሱ ባዶው ቅጠል ታችኛው ጠርዝ ላይ ደርሰው “ሰባት” አሉና ቀና አሉ።

“እኔ ቆጥሬ ስሳሳት ያየ አለ?”

 እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የተሳሳተ ቅጠል ላይ ጣቱን ሲያደርግ ዝም ብዬ አላውቅም፤ በማኅበሩ የምታወቀው በዚሁ ነው። “አለቃ፣ በቀኝ ነው” የሚለው ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ሙሉመቤት ዞር ብላ አየችኝ፤ እንደማርም ስለምታውቅ እየጠበቀችኝ ነው። ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁና ሳልኩ።

“እንግዲህ አለቃ ካሉ” አለች በመጨረሻ። “እናቴ ሌላ ደምስ ሰምታ ይሆናል።”

“እናትሽን ነፍሷን ይማራት” አሉ አለቃ። ሁሉም ሣቁ፤ ነጋሳ “እዚህ አይሣቅም” አለ።

ወጡ። እሑድ የሚበላውን እያወሩ ነው የሄዱት። እኔ ቀረሁ። ከአለቃ ሌላ ማንበብ የሚችል፣ ዓይኑም የሚያይ፣ ሰባት የሚያስቆጥረው ጉዳይ ያለው ስንት ሰው በቂርቆስ እንዳለ እያሰብኩ ነበር፤ በቅርብ ያሉትን ብቻ ቆጥሬ ከአራት በላይ ሆኑብኝ።

“ነጋሳ፣ ቅጠሉ የሚገለጠው መቼ ነው?”

“ሹሙ ወዶታል። እስከ ፋሲካ አይነካም ብሏል።”

እስከ ፋሲካ ዘጠኝ ሐሙስ አለ።

“እንግዲያው እስከዚያ በየሳምንቱ ስመጣ ወንበር አስፈቅድልኝ” አልኩት።

“ወንበር ለጎብኚ አይፈቀድም እሜቴ።”

“ይሁን፣ እቆማለሁ። ዱላዬን ብቻ መልስልኝ።”